የተመለሰ መታወቂያ

የሰሊጡ አረም ካለቀ በኋላ አጨዳው እስኪደርስ ድረስ መተማ ዮሐንስ እጁን አጣጥፎ በሚጠብቅ ሰው ትሞላለች። ከደጋ የወረደው ሠራተኛ አገሬ ደርሼ ልመለስ ቢል መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልሥራ ቢል ሥራ የለም። ሰሊጡ በየማሳው ቆሞ ይበስላል፣ ሰውም በየበረንዳው ቆሞ ቀን ይቆጥራል። ጳጉሜን ላይ የአምስት ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል ይደረጋል የተባለው በዚህ መሃል ነው። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አቶ ፈረደ ዘንድሮ ጦም ያሳደሩት መሬት ላይ ነበር።

የአቶ ፈረደ ልጅ መነን አረንጓዴ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ ለብሳ፣ ከመግቢያው አጠገብ ካለች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ፣ ያንኑ ነገር ለሦስተኛ ቀን ትደጋግማለች።

"ማደሪያው ሦስት ዓይነት ነው። አልጋና አጎበር ያለው ድንኳን አለ፤ እሱ አልቋል። አሥር ሰው የሚያድርበት የወል ድንኳን አለ፤ ፍራሽ ከእኛ፣ ብርድ ልብስ ከእናንተ። ሦስተኛው ራኩባው ነው። ጣራ አለው፣ ግድግዳ የለውም፤ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ።"

ከጎንደር የመጣ ባለ ባርኔጣ ወጣት ጭቃውን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ "ሻወር አለ?" አላት።

"ዝናብ አለ።"

"ጅብስ?"

"መታወቂያ የሌለው በዚህ በር አያልፍም። ጅቡም ቢሆን።"

አጠገቧ የተቀመጠችው ስርጉት ሳቋን በእጇ አፈነች። ስርጉት የልጅነት ጓደኛዋ ናት። በጎ ፈቃደኛ የሆነችው ዘፋኞቹን በቅርብ ለማየት ነው፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀችም። መነን ግን የራሷን ምክንያት ከስርጉትም ደብቃዋለች።

መነንን ሙዚቃ ብዙም አይስባትም። ጭቃ አትወድም፣ ሰልፍ አትወድም፣ "እስቲ ትንሽ ታገሺ" የሚላትን ሰው ደግሞ ጨርሶ አትወድም። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው መዝገቡ ውስጥ ላለች አንዲት መስመር ስትል ነው። ተራ ቁጥር አርባ አንድ፤ ባንተአምላክ አድማሱ፤ ክራር፤ የወል ድንኳን። መጨረሻ ላይ፣ "ዋስ" ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዘመኑ አስጊ፣ ድንበሩም ቅርብ ስለሆነ ኮሚቴው ሕጉን አጥብቆታል፤ መታወቂያ ያልያዘ ሰው የሚገባው የከተማው ነዋሪ ዋስ ሆኖ ከፈረመለት ብቻ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የምትፈርመው መነን ናት። ቃል ገብታለታለች።

ባንተአምላክ በአባቷ እርሻ ላይ ሰሊጥ የሚያርም የቀን ሠራተኛ ነው።

ያወቀችው ሐምሌ ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ መቀመጥ ሰልችቷት ውሃ ከሚያመላልሰው ትራክተር ላይ ወጥታ ወደ ማሳው ሄደች። ሁለት መቶ ሰው ጎንበስ ብሎ ያርማል፤ ከመካከል አንድ ድምፅ ከሌላው ሁሉ በላይ ይሰማል።

ያገሬ ሰው ሁሉ በስሜ ይጠራኛል፣
እዚህ በረሃ ላይ ማን ያውቀኝ ይሆናል።

ውሃ ሊቀዳ ሲመጣ፣ "ስምህ ማን ነው?" አለችው።

"ቋሪት ይሉኛል።"

"እሱማ ወረዳህ ነው። ስምህን ነው የጠየቅሁህ።"

በሠራተኞቹ ካምፕ ሰው የሚጠራው በመጣበት አገር ነው። ደምበጫ አለ፣ ደላንታ አለ፣ ሦስት ስማዳ አለ። ጣሳውን ሞልቶ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና፣ "ባንተአምላክ" አላት፤ ለረጅም ጊዜ ያላነሳውን ዕቃ ከሣጥን እንደሚያወጣ ሰው።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ውሃ ከሚያመላልሰው ትራክተር ጋር ትወጣ ጀመር። ስልኩ በአረሙ ወቅት ውሃ ገብቶበት ሞቷል፤ ስለዚህ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ ደምለው ነው። "እኔ ካቦ ነኝ ወይስ ፖስታ ቤት?" ይላል፤ ግን ያደርሳል። ባንተአምላክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት ልጅ ነው። ከዘይት ቆርቆሮ የሠራት ክራር አለችው፤ ስሟም እንደ ሰውነቷ ቆርቆሮ ነው። አንዴ በቆርቆሮ ሲጫወት ከሰማች በኋላ ለፌስቲቫሉ ያስመዘገበችው መነን ናት። የጎንደር የባህል ቡድን አለቃ ከአካባቢው ተጫዋቾች መካከል አንድ ባለ ክራር ይመርጣል ተብሏል። ከተመረጠ ከዚያ ወዲያ ማረሚያና ማጭድ አይኖርም።

"መታወቂያህን ይዘህ ና" አለችው ያን ጊዜ።

"መታወቂያዬማ እናንተ ቤት ነው።"

ይህን ታውቃለች። ሠራተኛው ሲቀጠር መታወቂያውን ያስረክባል፤ አባቷም አልጋቸው ሥር ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጡታል። ልጅ ሆና በካርዶቹ ትጫወት ነበር።

"እንግዲያው ዋስ እሆንሃለሁ" አለችው።

"ስምሽን ከስሜ ጎን ልትጽፊ?"

"ምን አለበት?"

ሳቀ። "በይ እሽ" አለ፤ ግን ዓይኑ ሌላ ጥያቄ ጠይቋት ነበር። መነን ለዓይን ጥያቄ መልስ መስጠት አትወድም፤ አለፈችው። ያን ቀን ብትመልስለት ኖሮ እያለች የምታስበው ዛሬ ነው።

ባንተአምላክ የመጣው ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው።

ሸሚዙን አጥቦ ለብሷል፤ የታጠፈበት መስመር በደረቱ ላይ ይታያል። እግሩን ከበሩ ውጭ ባለው ኩሬ ታጥቦ ነው የገባው፤ ቆርቆሮን በጆንያ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟታል። ሰልፉ ላይ ስድስተኛ ነበር። መነን ሌሎቹን አምስት ሰዎች ያስተናገደችበት ፍጥነት ስርጉትን አስገረማት።

ተራው ደርሶ ፊቷ ቆመ።

"ስም?" አለች መነን፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ መዝገቡ ጎንበስ ብላ።

"ያገሬን ነው የራሴን?"

"የራስህን።"

"ባንተአምላክ አድማሱ።"

እስክሪብቶዋን አነሳች። ጫፉ ባዶው ቦታ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ሲቀረው የአባቷ ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

"ሥራ እንዴት ነው መነንየ?"

አቶ ፈረደ ብቻቸውን አልነበሩም። አብደራፊ ላይ ሦስት የሰሊጥ መጋዘን ያላቸው አቶ ቢሻው አብረዋቸው አሉ፤ ልጃቸው መሐንዲስ ነው፤ ለመነን ታስቧል እየተባለ በሁለቱም ቤት ይወራል። አባቷ ሰልፉን አዩ፣ ከፊቷ የቆመውን ልጅ አዩ፣ ጆንያውን አዩ። ከሁለት መቶ ሠራተኛ አንዱን በመልክ ሊያውቁት አይችሉም።

"ችግር አለ እንዴ? መታወቂያ የለውም?" አሉ።

"የለውም" አለች።

"ታውቂዋለሽ?"

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ደጅ ላይ ሰው ሲቆም ማንም የሚጠይቀው ነው። ግን አቶ ቢሻው ቆመው ያዳምጣሉ፤ ስርጉት አንገቷን አቅንታለች፤ እስክሪብቶው በመነን እጅ ላይ ከበደ። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አቶ ቢሻው ቤታቸው ገብተው ለሚስታቸው ሲያወሩ፣ ሚስታቸው ለጎረቤት ሲያወሩ፣ "የፈረደ ልጅ ከሳሉግ ጋር" ሲባል ሰማች። ሳሉግ ማለት ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ቤት የለሽ ነው፤ በከተማው ከስድብ ይቆጠራል።

"አላውቀውም" አለች። ይህ የበቃ አልመሰላትምና ጨመረች። "ከሠራተኞቹ አንዱ ይመስለኛል።"

ያኔ ቀና ብላ አየችው፤ ባታየው ይሻላት ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ያለችውን ሳይሰማ ቀርቶ እንዲደገምለት የሚጠብቅ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ከዚያ ገባው። ጆንያውን ወደ ጎኑ አዞረና ለአባቷ እጅ ነሳ።

"ይቅርታ ጌታዬ፤ በር ተሳስቼ ነው" አላቸው። "የሠራተኛው መግቢያ በወዲያ ነው መሰለኝ።"

"በወዲያ ነው ልጄ" አሉ አቶ ፈረደ፣ በደግነት።

ሄደ። በታጠበ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። መነን "ቀጣይ" ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋም እንደ ወትሮው ነበር። ያንን ነው ለራሷ ይቅር ያላለችው፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው መሆኑን።

ከሰዓት በኋላ ስርጉት፣ "ያ ባለ ጆንያ ማን ነው?" አለቻት።

"ማንም አይደለም።"

"ማንም ያልሆነ ሰው ሲሄድ እንዲህ በዓይን አይሸኝም።"

ነገሩ ለስርጉት ገብቷታል። ጥሩ ጓደኛ ናት፤ አልወቀሰቻትም። "እና ምን ልታደርጊ ነው?" ብቻ አለቻት።

መነን ማዘን አትችልበትም፤ ማድረግ ነው የምትችለው። በነገታው፣ ጳጉሜን አራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአካባቢው ተጫዋቾች መድረክ ላይ ይወጣሉ። ዋስ ያስፈለገው መታወቂያ ስለሌለው ነው፤ መታወቂያው ካለው ማንም ምንም ሳይፈርም ይገባል። ይህን ስታስብ እፎይ አለች። እንዲያውም በራሷ ብልሃት ትንሽ ኮራች።

ቤት ገብታ ከአባቷ አልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥኗን ሳበች። ካርዶቹ በላስቲክ ታስረዋል። አርባውን ያህል አገላብጣ አገኘችው፤ ፎቶው ላይ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት አይበልጥም፣ ፎቶ አንሺው ያስደነገጠው ይመስላል። የመጫወቻ ካርድ የነበረው ነገር በእጇ ላይ ሰው ሆነባት።

ደብዳቤ ልትጽፍለት ተቀመጠች። "ፈርቼ ነው" ብላ ጻፈች፤ ቀደደችው። "አባቴ ስለነበሩ" ብላ ጻፈች፤ ይህም ማመካኛ መሰላትና ቀደደችው። የትኛውም ቃል ከዚያ አንድ ቃል በኋላ ሲነበብ ውሸት ይሆናል። መታወቂያው ራሱ ይናገር አለች። ግባ፣ ተጫወት፣ እኔ እዚያ አለሁ የሚል መስሏታል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ለስርጉት ሰጠቻት፤ እሷ ራሷ ወደ ካምፑ ብትሄድ ሰው ያያታል።

ስርጉት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሳ ተመለሰች።

"ምን አለ?"

"በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ገለጠው። ፊቱንም ጀርባውንም አየው። 'ሌላ የላከችው ቃል አለ?' አለኝ፤ የለም አልኩት። 'በቃ?' አለኝ፤ በቃ አልኩት።"

"ደስ አለው?"

ስርጉት ትንሽ አሰበች። "አመሰገነኝ" አለች።

መነን ይህን ደስታ ነው ብላ ወሰደችው፤ እንደዚያ ብላ መተኛት ስለፈለገች ነው። ያን ሌሊት የተኛችው እንቅልፍ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል።

በነገታው መድረክ አስተዋዋቂው ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ። "ባንተአምላክ አድማሱ፣ ከክራሩ ጋር፤ ባንተአምላክ አድማሱ" እያለ ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ ድንኳኖቹን አልፎ ማሳው ድረስ ሄደ። ያ ስም በዚያ በረሃ ላይ እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ማንም አልወጣም። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት የመጣ ዑበይዳ የሚባል ሱዳናዊ፣ ታምቡር የሚሉትን የአገሩን ክራር ይዞ በፈንታው ወጣ፤ ጥሩ አድርጎ ተጫወተ፣ ሕዝቡም ጨፈረ። መነን ከጨፋሪው መካከል ቆማ በሩን ታያለች።

በበሩ የገባው ካቦ ደምለው ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"ጠዋት ልመጣ ነበር፤ ትራክተሩ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ" አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ይህ የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል።"

ወረቀቱን ዘረጋችው።

"ይድረስ ለመነን። መታወቂያዬ ደርሶኛል። እኔ እንዲያውም በካቦው እጅ እንደማንኛውም ሰው ይሰጠኛል ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ ላክሽልኝ። ስላከበርሽኝ ነው ብዬ ወሰድሁት። ትናንት በር ላይ የሆነውን አባትሽ ደርሰውበት ተቆጥተውሽ ይሆናል፤ በኔ ምክንያት ከሆነ ይቅር በይኝ። አንድ ቃል ብትጨምሪበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለስንብት ቃል አይጨመርም። ስሜን ስለጠየቅሽኝ አልረሳሽም። ባንተአምላክ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ምን ስንብት?" አለች። "ማን አሰናበተው?"

ደምለው ግራ ገብቶት አያት። "አንቺ ነሻ።"

"እኔ መታወቂያውን ነው የላክሁለት። በበሩ እንዲገባበት።"

"መነንየ" አለ ደምለው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር። "ሃያ ዓመት ካቦ ሆኜ ማንንም ሰው በአፌ 'ተባረሃል' ብዬ አላውቅም። መታወቂያውን እሰጠዋለሁ፤ ጨርቁን ይሰበስባል። ሰሊጥ ሳይታጨድ መታወቂያው የተመለሰለት ሰው ሂድ የተባለ ሰው ነው። ጌታው ማባረር ቀርቶ አያውቁህም ብዬ ተከራከርሁት። ካርዱን አወጣና አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ማን ይንገርሽ? ለእናንተ ካርድ ነው።"

መነን አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች። ስለ ወቅታዊ ሠራተኛ ፍልሰት የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፋ፣ በጥሩ ውጤት አልፋለች። ወረቀቱን አጥፋ ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና፣ "የት ሄደ?" አለች።

"ወደ አብደራፊ ሰው የሚጭን ካምዮን ጠዋት ወጥቷል። ግን ወንዝ ሞልቶ ኬላው ላይ ቆመዋል ይላሉ፤ እስካሁን ካልጎደለ..."

አልጨረሰም፤ መነን ሄዳለች።

የባጃጅ ነጂው ሙኽታር በጭቃው ምክንያት ኬላ ድረስ አልሄድም አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሁለተኛ ሳትለምነው ሞተሩን አስነሳ። ካምዮኖቹ መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ሰዎቹ ከላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ቆርቆሮ በጆንያዋ ሆና ከሦስተኛው ካምዮን ጎን ተንጠልጥላለች። መጀመሪያ ያወቀችው እሷን ነው።

"ቋሪት" አለ አንዱ ከላይ፣ "እህትህ መጣችልህ።"

"እህቱስ አይደለችም" አለ ሌላው። "እህቱ ብትሆን ስንቅ ትይዝ ነበር።"

ሳቁ። ባንተአምላክ አልሳቀም። ጎማውን ረግጦ ወረደና ከካምዮኑ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። መነን ሰላም እንኳ አላለችም።

"መታወቂያው ስንብት መሆኑን አላውቅም ነበር። በበሩ እንድትገባበት ነው የላክሁት። ሌላ ነገር አልነበረውም፤ በእግዜር። ዛሬ ስምህን ሦስት ጊዜ ጠሩህ።"

ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታ፤ ከማሳው ያወቀችው ፊት ተመለሰ።

"እንዲያ ነው?"

"እንዲያ ነው።"

"እኔ ደግሞ አባትሽን በከንቱ አማኋቸው።" በሸሚዙ እጅጌ ግንባሩን ጠረገ። "ጠሩኝ በይ? በማጉያ?"

"በማጉያ። ዕቃህን አውርድ። ነገም ቀን ነው፤ የባህል ቡድኑ እስከ ነገ አለ። እለምናቸዋለሁ። እፈርምልሃለሁ።"

"መታወቂያዬ የነዚህ ሰዎች ካቦ ኪስ ገብቷል" አለ። "ጠዋት ሰጠሁት። አጨዳው እስኪያልቅ አይወጣም።"

"እናስመልሰዋለን። አባቴን እነግራቸዋለሁ፣ አባቴ ይደውላሉ..."

"ለማን ነው የሚደውሉት? እኔን ማን ነው ትያቸዋለሽ?"

ያ እስክሪብቶ የያዘው እጇ እንደገና ከበዳት።

"እይ" አለ ባንተአምላክ፤ ድምፁ አልከረረም። "መታወቂያውን ሳታውቂ ነው የላክሽው። አምኜሻለሁ። ይህን ልትነግሪኝ በመምጣትሽ እግዜር ይስጥሽ፤ ከልቤ አንድ ድንጋይ ወረደ። ትናንት በር ላይ ያልሽውስ? እሱንም ሳታውቂ ነው?"

አዎ ልትለው ትችል ነበር። ደንግጬ ነው፣ አቶ ቢሻው ስለነበሩ ነው፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው። ብዙ መልስ አላት፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ግን ከካምዮኑ ላይ አርባ ሰው ያያታል፤ እሱ ደግሞ ያንኑ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ የመታጠፊያው መስመር ገና አልጠፋም።

"እያወቅሁ ነው" አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ያዘነ አይመስልም ነበር፤ የጠበቀው ነገር የደረሰለት ሰው ይመስል ነበር።

"ፈርቼ ነው" አለች።

"አውቃለሁ። እኔም በር ተሳስቼ ነው ያልኋቸው ፈርቼ ነው።" ወደ ቆርቆሮ ዞር ብሎ አየ። "ግን እኔ የፈራሁት ላንቺ ነበር።"

የቀረውን አልተናገረውም። ቢናገረው ይቀላት ነበር፤ ትከራከረው ነበር።

ከፊት ያለው ካምዮን ጥሩምባውን ነፋ። ወንዙ ጎድሏል። ሰዎቹ እየተጠጋጉ ቦታ ሰጡት፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ ሳበው።

"ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ" አለች ከታች ሆና።

"በማን ስም?"

"በስምህ ነዋ።"

ፈገግ አለ፤ ያችን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። "እንግዲያውስ አይደርሰኝም" አላት። "እዚያ የሚያውቁኝ በቋሪት ነው።"

ካምዮኑ ዋልካውን እየረጨ ሄደ። ቆርቆሮ ከጎኑ ላይ እየተወዛወዘች ብረቱን ትመታለች፤ ሌላው ድምፅ ሁሉ ከጠፋ በኋላ የእሷ ቀረ። ሙኽታር ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ፤ መነን ለዚህ ዝምታው እስክትሞት ታመሰግነዋለች።

ወደ ሜዳው ስትመለስ ፀሐይ ወደ ጋላባት አዘንብላለች። ስርጉት ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ሰው ታስተናግዳለች። አባቷ ሥራዋን ጥላ ሄደች ሲባሉ መጥተው፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

"የት ነበርሽ ልጄ?"

መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች፤ አርባ አንደኛውን መስመር አገኘች። ባንተአምላክ አድማሱ፤ ክራር፤ የወል ድንኳን። በባዶው ቦታ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ መነን ፈረደ። ፈረመች። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ መዝገቡን ክፍት አድርጋ ያዘችው።

አቶ ፈረደ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

"ይህ ማን ነው?" አሉ።

"የማውቀው ሰው ነው።"

ቀና ብለው አዩዋት። እሳቸውም ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ማጭድ ይዘው፣ ማንም ሳያውቃቸው ወደዚህ አገር የወረዱ ሰው ናቸው። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። መቆጣታቸውን ፈለገችው እንኳ።

"ትናንት ጠየቅሁሽ እኮ" አሉ በዝግታ።

ከመድረኩ በኩል ሰው ያጨበጭባል። መነን መዝገቡን እንደያዘች ቆመች። የማውቀው ሰው ነው። ሦስት ቃል ናት። ከአፏ ስትወጣ ሰማይ አልተደፋም፤ አባቷ አልጮሁም፤ ስርጉት እንኳ ከሥራዋ ቀና አላለችም። መነን ያለቀሰችው ያኔ ነው። እንዲህ ቀላል ከነበረ ትናንት ለምን አልቻለችም?